ጆንሰኑን ለቁራሌው ከመስጠታችን በፊት

ሰሞኑን ወርክሾፕ ጎራ ያለ ሰው በሩ አጠገብ የተከመረውን ብረታ ብረት ሳያይ አይቀርም። የተሰባበረ ወንበር፣ የተቃጠለ የብየዳ ማሽን፣ ምኑም ምኑም አለ። ከመሀሉ ቀለሙ የተላጠ አንድ የጀልባ ሞተር ተጋድሟል፤ ሆዱ ላይ በጠመኔ «ይወገድ» ተብሎ ተጽፎበታል። ለምን ሲባል መልሱ አጭር ነው፤ «መለዋወጫ የለውም»። እኔ በዚህ አልስማማም። የማልስማማበትን ከመናገሬ በፊት ግን አንድ ነገር መናዘዝ አለብኝ፤ ሞተሩን እዚያ ክምር ላይ ካደረሱት ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ።

ሞተሩ ጆንሰን ሲ ሆርስ ይባላል። ባለ ሁለት ሲሊንደር፣ 10 የፈረስ ጉልበት ያለው፣ ቤንዚንና ዘይት ተቀላቅሎ የሚጠጣ ነው። ጀልባ ላይ በሚታሰርበት ብረት ላይ የተለጠፈችው ታርጋ «ኪው ዲ» በሚሉ ፊደላት ትጀምራለች፤ ይህ ጆንሰን ለ10 ፈረሱ የሰጠው መለያ ነው። የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ነው። አንድ ጡረታ የወጡ ጀልባ ነጂ ናቸው «ልጆቼ፣ ተማሩበት» ብለው የሰጡን። ጣና ላይ ስንት ዓመት እንደነዱት ሲያወሩ ስለ ሰው የሚያወሩ ነው የሚመስለው።

ባለፈው ዓመት አራት ሆነን ልናስነሳው ስንነሳ የጎደለውን በዝርዝር ጻፍን፤ 11 ዕቃ ሆነ። እዚህ ላይ ትልቁን ጉድ ልንገራችሁ፤ ከ11ዱ ስድስቱ የተገኙት እዚሁ ወርክሾፕ ውስጥ ነው! ከኛ በፊት የነበሩ ባቾች ለፕራክቲካል ፈትተውት፣ ብሎኑን አንድ መሳቢያ፣ ካርቡራቶሩን ሌላ መሳቢያ፣ የማስነሻውን ስፕሪንግ ደግሞ የቀለም ቆርቆሮ ውስጥ ትተውት ሄደዋል። ስለዚህ «መለዋወጫ የለውም» ከማለታችን በፊት «ማን ፈታው? የት አስቀመጠው?» ብንል ይሻላል ባይ ነኝ። ሲፈታ የሚጻፍበት ደብተር የለንም። አንድ ደብተርና ጥቂት ፌስታል ስንት ብር ነው?

የቀሩት አምስቱ እውነትም አስቸገሩን። የመጀመሪያው ስህተታችን ቁጥር ነበር። ብረቱ ላይ በቀረጻ የወጣውን ቁጥር ይዘን ሁለት ሳምንት ሙሉ ስንጠይቅ ከረምን፤ ለካ እሱ ብረቱ ሲቀለጥ የሚወጣ የፎርም ቁጥር እንጂ የመለዋወጫ ቁጥር አይደለም። ትክክለኛው የሚገኘው ታርጋው ላይ ባለው የሞዴል ቁጥር የዕቃዎቹን ማውጫ በማየት ነው። ይህን ብናውቅ ኖሮ አዲስ አበባ ያለው የጓደኛችን ወንድም ሶማሌ ተራን በባዶ አይዞርም ነበር (ይቅርታ ጠይቀነዋል)።

ቁጥሩን ስናገኝ ሌላ ነገር ገባን። ጆንሰንና ኢቪንሩድ እ.ኤ.አ. ከ1936 ጀምሮ የአንድ ኩባንያ ልጆች ናቸው። ኩባንያው በ2000 መጨረሻ ከስሯል፤ ስሙን የገዙትም ቢሆኑ በ2020 የኢቪንሩድን ሞተር ማምረት አቁመዋል። ተስፋ የሚያስቆርጥ ይመስላል አይደል? ነገር ግን ያ ኩባንያ በጊዜው አንድ ብልህ ሥራ ሠርቷል፤ ከፍላይዊሉ ሥር ያለውን ማግኔቶ ለብዙ ሞዴሎች አንድ ዓይነት አድርጎታል። ስለዚህ የኛን የተሰነጠቀ ኮይል የሚተካው ዕቃ ለትንሹ 3 ፈረስም ለትልልቆቹም የሚሆን ስለሆነ፣ ፈላጊው ብዙ ነውና ዛሬም ሌሎች ፋብሪካዎች ይሠሩታል። አሜሪካ ያለች አክስት ያለው ልጅ በመሀላችን ስለነበር ሁለት ኮይል በሻንጣ መጣልን። ፑንቲናውን አጽድተን ክፍተቱን ግማሽ ሚሊ ሜትር ስናደርገው ካንዴላው ሰማያዊ እሳት ተፋ። ያን ቀን ምሳ አልበላንም።

የቤንዚን ታንኩ ግን አልተገኘም። የዚህ ሞተር ታንክ እንደ ዛሬዎቹ አይደለም፤ ሁለት ቱቦ አለው። ሞተሩ በአንዱ ቱቦ አየር ወደ ታንኩ ይነፋል፣ ግፊቱ ደግሞ ቤንዚኑን በሌላው ቱቦ ወደ ላይ ይገፋዋል። ቤንዚን በግፊት ታምቆ የተቀመጠበት አሮጌ ቆርቆሮ ጀልባ ውስጥ! ቢገኝም እኔ አጠገቡ አልቀመጥም። ስለዚህ ያንኑ ፍለጋ ትተን፣ ከተጣለ አዲስ የጀልባ ሞተር ላይ ባለ ዲያፍራም ትንሽ ፖምፓ ፈትተን ገጠምን። መጀመሪያ አልሠራም። በኋላ ስናጣራ አየሩ ወደ ታንኩ ብቻ እንዲሄድ የሚያግዱ ትንንሽ ቫልቮች ውስጥ ቀርተዋል፤ ፖምፓው ደግሞ የሚሠራው የክራንክኬዙ ትንፋሽ ሲገፋውም ሲስበውም ነው። ቫልቮቹን አወጣናቸው፣ ተነሳ! ዕቃውን ሳይሆን ዕቃው የሚሠራውን ሥራ መፈለግ ማለት ይህ ነው፤ በየትኛው ኮርስ እንደሚሰጥ እኔ አላውቅም።

አሁን ወደ ኑዛዜው። ከጎደሉት ሁሉ ትንሿ የፕሮፔለሩ ፒን ነበረች፤ ርዝመቷ ከጣት አይበልጥም። «ይቺማ ምን አላት፣ ቶርኖ ላይ እናወጣታለን» አልኩና ከተሰበረ የመሰርሰሪያ ጫፍ፣ ጠንካራ ብረት መርጬ ሠራኋት። ባለቤቱ አባባ አይተዋት «ጠነከረች እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። «አይሰበርም አባባ፣ አይዞዎት» አልኳቸው። እሳቸውም ዝም አሉ። ጣና ላይ ወጥተን ሃያ ደቂቃ ያህል እንደሄድን ፕሮፔለሩ ጥልቀት በሌለው ቦታ ድንጋይ መታ። ፒኗ እንዳልኩትም አልተሰበረች። የተሰበረው የማርሹ ጥርስ ነው። ያቺ ፒን የተፈጠረችው ለመሰበር ነበር፤ እሷ ተሰብራ ማርሹን ታድናለች። እየቀዘፍን ተመለስን፤ አባባ አንድም ቃል አልተናገሩኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

እንግዲህ ሞተሩ ዛሬ «መለዋወጫ የለውም» የተባለው በዚህ ምክንያት ነው። ዲፓርትመንቱን ብቻ ልወቅስ አልችልም። ይሁን እንጂ የኔ ስህተት ሞተሩን የሚያስጥል ከሆነ ከኔ በኋላ የሚመጡት ተማሪዎች ያንኑ ስህተት በሌላ ማሽን ላይ ይደግሙታል፤ ያም ማሽን ክምሩ ላይ ይጨመራል።

የሚቃወሙኝ መምህር አሉ፣ አከብራቸዋለሁ፣ ነጥባቸውም ቀላል አይደለም። «ይህ ዓይነቱ አሮጌ ሞተር ከሚጠጣው ቤንዚን ሩብ ያህሉን ሳያቃጥል ውኃ ውስጥ ይተፋል፤ ለጣና እምቦጩ አይበቃውም ወይ?» ይሉኛል። እውነት ነው። ስለዚህ ሐይቅ ላይ እንመልሰው አልልም። በርሜል ውኃ ውስጥ ይነሳ፣ ተማሪ ይፍታው፣ ይግጠመው። «የውጭ ምንዛሪ ከየት ይመጣል?» ለሚሉት ደግሞ፣ እስካሁን ከውጭ የመጣው ሁለት ኮይል ብቻ መሆኑን ላስታውስ። ፓራዮሊና ኩሽኔታ ቢያስፈልግ የውስጥና የውጭ ዲያሜትሩ ተለክቶ ከመኪና መለዋወጫ ሱቅ ሊገኝ ይችላል።

የምጠይቀው ይህን ነው። የማስወገጃው ዝርዝር ከመፈረሙ በፊት ሞተሩ አንድ ዓመት ይሰጠው፤ ለተመራቂ ተማሪዎች የፕሮጀክት ርዕስ ተደርጎ ይመዝገብ፤ የሚፈታው ሁሉ የሚጻፍበት ደብተርም ወርክሾፑ ውስጥ ይቀመጥ። ፒኗን በትክክለኛው ልክና ጥንካሬ እኔው እሠራታለሁ።

የጎደለው አንድ ዕቃ ነው፤ ማርሹ። ፍለጋው ደግሞ ጆንሰን በሚለው ስም ብቻ መቅረት የለበትም፤ የዚያ ዘመን ባለ 10 ፈረስ ኢቪንሩድ ስፖርትዊን ውስጡ በአብዛኛው ከኛው ጋር አንድ ነው። ሐይቅ ዳር ያደጋችሁ ልጆች፣ አባታችሁ ወይም አጎታችሁ ጓሮ ውስጥ ዶሮ የሚሰፍርበት እንዲህ ያለ አሮጌ ሞተር ካለ፣ የላዩ ቢበሰብስ ግድ የለም፤ የታችኛውን እግሩን ብቻ ነው የምንፈልገው። የተሰበረው ማርሽ ለማመሳከሪያ ሁለተኛው ጠረጴዛ ሥር ባለው ሳጥን ውስጥ፣ ስም ተጽፎበት በፌስታል ተቀምጧል።