ቤትን ስለ ማስፋትና ብርሃንን ስለ ማስገባት

ቤተሰብ ሲበዛ ቤትን ማስፋት የሚያስመሰግን ሥራ ነው። ነገር ግን ለብዙዎች ማስፋት ማለት ግድግዳ ማፍረስ፤ ብርሃን ማስገባትም መስተዋት ማብዛት ይመስላቸዋል። ይህ የቦታን ጠባይ ካለማወቅ የመጣ ነው።

አስመራ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ቦታ ላይ ስለ ተሠራች ብርዷ ፀሐይን ያስመኛል። በበጋ ወራት ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል፤ በደቡብ በኩል የተከፈተ መስኮት ቤቱን ያበራል፤ ያሞቃልም። ምፅዋ ግን ጥላና ነፋስ የሚፈለግባት አገር ናት። የጥንት ነዋሪዎቿ ከባሕር በወጣ የኮራል ድንጋይ ወፍራም ግድግዳ ሠርተው፤ ሰገነታቸውን በእንጨት ፍርግርግ የሸፈኑት ብርሃኑን አለዝበው ነፋሱን ለማስገባት ነው። በዚያ ወደ ምዕራብ ሰፊ መስተዋት የሚያደርግ ሰው እቶን ሠራ እንጂ ሳሎን አልሠራም።

ሳሎንንና መመገቢያ ክፍልን አንድ ለማድረግ የሚሻም፤ መካከለኛው ግድግዳ ጣራውን የተሸከመ መሆን አለመሆኑን አስቀድሞ በመሐንዲስ ሊያስመረምር ይገባዋል። ምትክ ተሸካሚ ሳይቆምለት የፈረሰ ግድግዳ ቤተሰቡን ለአደጋ ይሰጣል። ደግሞም ሁሉ አንድ አዳራሽ ከሆነ፤ የወጥ ቤት ጢስና የእንግዳ ጨዋታ አረጋዊውንና ሕፃኑን ዕረፍት ስለሚነሣ፤ አንዲት ጸጥ ያለች ክፍል ትቅር።

አስመራ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2017 በዓለም ቅርስነት ስለ ተመዘገበች፤ የአንድ ቤት ፊት ቢበላሽ ጉዳቱ የባለቤቱ ብቻ አይደለም። ስለዚህ ማስፋቱ ወደ ጓሮ ቢሆን ይሻላል። አስተዳዳሪው ፈቃድ ሳይሰጥ፤ ነጋዴውም ገንዘቡን ሳያወጣ፤ ከማፍረስ በፊት ማስተዋል ይቅደም።