መንግሥት ገበያውን ይቆጣጠር፤ ጓዳችንንና ልብሳችንን ይተው



«መንግሥት በሰው አፍ ምን አገባው? የሚጠጣ ይጠጣ፣ የሚያጨስ ያጭስ። እናንተ ሙስሊሞች ሃይማኖታችሁን በአዋጅ ልትጭኑብን ነው!» የሚል ክስ ከመሐል ሜዳ እስከ ዓለም ከተማ እንሰማለን። መልስ ይገባዋል።

የክሱ መነሻ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ነው። ይህ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮልና ትምባሆ መሸጥን ከለከለ፤ የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አወረደ፤ ሕዝብ በሚገለገልባቸው ቤቶች ውስጥ ማጨስን አገደ። ያጸደቀው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት እንጂ መስጂድ አይደለም። ምክንያቱም ጤና ነው።

ደግሞስ የመንዝ ሰው ለክልከላ እንግዳ ነውን? የመንዝ አባቶች ጓሳን ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የጠበቁት በክልከላ ነው። ሣሩ እስኪደርስ ለዓመታት ይዘጋል፤ ማጭድ ይዞ የገባ ሰው «ነፃነቴ ነው» ብሎ አያመልጥም። ለሣር ይህን ያህል የተጠነቀቀ ሕዝብ፣ ለአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ጉበትና ሳንባ ሲሆን «ምን አገባችሁ» ሊል አይገባም።

ይሁን እንጂ ክልከላም ወሰን አለው። ኢማም አል-ማወርዲ «አል-አሕካም አስ-ሱልጧኒያ» በተሰኘው ኪታባቸው ስለ ሒስባ ሲያብራሩ፣ የገበያው ተቆጣጣሪ ሥልጣን በግልጽ በሚታየው ጥፋት ላይ መሆኑን አስቀምጠዋል። ሚዛን የሚያጎድለውን፣ ሸቀጥ የሚያጭበረብረውን ይይዛል፤ የሰው ቤት ግን አይሰልልም። ስለላን ሱረቱል ሑጁራት ከልክሏል። ሸሪዓችን ራሱ ገበያንና ጓዳን ለይቷል ማለት ነው።

ይህ ወሰን ሲጣስ የሚሆነውን በ2017 ዓ.ም በአክሱም አይተናል። ሙስሊም ሴት ተማሪዎች በሂጃባቸው ምክንያት ከትምህርት ቤት ታገዱ። ሂጃብ የማንን ጉበት አቃጠለ? የማንን ኪስ አራቆተ? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 27 የእምነት ነፃነትን ያረጋገጠው እንዲህ ያለውን ለመከላከል ነው። ለሕፃን ሲጋራ የሚሸጠውን አይቶ የሚያልፍ፣ መጽሐፍ ይዛ የመጣችውን ልጅ ግን በር ላይ የሚመልስ ባለሥልጣን ሥራውን ገልብጦ ይዞታል።

ፍትሕ ከራስ ይጀምራልና ይህንንም እንበል። አረቄን እያወገዙ ስለ ጫት ዝም ማለት ግብዝነት ነው። ትምህርት ቤት አጠገብ ለተማሪ ጫት የሚሸጥ ሙስሊም ነጋዴ፣ ለተማሪ አረቄ ከሚቀዳው በምን ይሻላል?

እኛ የማንንም ጋን ይሰበር አላልንም። ጌሾ ወቅጣ፣ አረቄ አውጥታ ልጆቿን የምታሳድግ እናት ሌላ እንጀራ ሳይፈለግላት ማሰሮዋን መድፋት ግፍ ነው። የኸምር ክልከላ እንኳ የወረደው ደረጃ በደረጃ ነበር። የምንጠይቀው የወጣው ሕግ እንዲሠራ ነው። በየመናኸሪያውና በየትምህርት ቤቱ ዙሪያ ለልጅ የሚሸጥ ይጠየቅ። ወላጅ፣ ኢማም፣ ቄስ፣ መምህር ባንድነት ይቁም። አዋቂ ሰው በጓዳው ለሚያደርገው ግን ዳዕዋ እንጂ ፖሊስ አይላክበት።

አላህ ልጆቻችንን ይጠብቅልን፤ መሪዎቻችንንም ለፍትሕ ይምራልን። ኣሚን።