አይልትስ ከደላላ አይገዛም

ዛሬ ከገርጂ የደረሰኝን ደብዳቤ ይዤላችሁ ቀርቤያለሁ። ጸሐፊዋ የ24 ዓመት ወጣት ናት። እንግሊዝ አገር ያለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ለሁለተኛ ዲግሪ «ተቀብለንሻል፤ ግን አይልትስ 6.5 አምጪ» ብሏታል። ታዲያ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ካፌ ውስጥ የተዋወቀችው ደላላ «ሳትፈተኚ ሰርተፊኬቱን አስመጣልሻለሁ» አላት። እናቷ ደግሞ የደረሳቸውን ዕቁብ አውጥተው ሊሰጧት ተዘጋጅተዋል። «ልክፈለው ወይስ ይቅርብኝ?» ትለኛለች።

እህቴ፣ አምስት ሳንቲም እንዳትሰጪው! የአይልትስ ውጤት ማኅተም ስላረፈበት ብቻ የሚታመን ወረቀት አይደለም። ዩኒቨርሲቲው በወረቀቱ ላይ ያለውን ቁጥር ይዞ በኢንተርኔት ያመሳክረዋል። ሐሰተኛ ከሆነ የትምህርት ዕድሉም ያመልጥሻል፤ ለቪዛ ካስገባሽው ደግሞ እንግሊዝ እስከ 10 ዓመት ልታግድሽ ትችላለች። ደላላው ያን ጊዜ ስልኩን አያነሳም። የእናትሽ ዕቁብም በዚያው ቀለጠ ማለት ነው።

ይልቅ ፈተናውን እንወቀው። አይልትስ «አለፍሽ፣ ወደቅሽ» የሚባልበት ፈተና አይደለም። ውጤቱ ከ0 እስከ 9 ነው፤ ስንት እንደሚበቃ የሚወስነው ተቀባዩ ክፍል ነው። ማዳመጥ፣ ማንበብ፣ መጻፍና መናገር የሚባሉ አራት ክፍሎች አሉት። 6.5 የሚባለው የአራቱ አማካይ ነው። ነገር ግን ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች «በየክፍሉም ከዚህ እንዳያንስ» የሚል ስለሚጨምሩ ደብዳቤሽን ደግመሽ አንብቢው።

እኛ 12ኛ ክፍል ድረስ የለመድነው ግራመር ሸምድዶ ፊደል ማክበብ ነው። እዚህ ግን የሚደመጠው ነገር አንዴ ብቻ ነው የሚሰማው፤ «ይደገምልኝ» የለም። ለመጻፍ በ1 ሰዓት ሁለት ጽሑፍ ትጽፊያለሽ። ሁለተኛው ቢያንስ 250 ቃላት ሲሆን ክብደቱም የመጀመሪያውን እጥፍ ስለሆነ ጊዜሽን ለእሱ ቆጥቢ። ለመናገር ከፈታኝ ጋር ከ11 እስከ 14 ደቂቃ ታወሪያለሽ። መሀል ላይ ርዕስ ተሰጥቶሽ 1 ደቂቃ አስበሽ እስከ 2 ደቂቃ ብቻሽን ትናገሪያለሽ። ቀላል መሰለሽ? እስቲ ዛሬ ማታ ስልክሽ ላይ ሰዓት ሞልተሽ ስለ ሰፈርሽ በእንግሊዝኛ አውሪ። ገና ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ወሬው ያልቅብሻል! በየቀኑ ከለመድሽው ግን ይፈታል። ደግሞም እንደ ፈረንጅ ካላወራሁ ብለሽ አትጨነቂ፤ ዋናው ንግግርሽ በደንብ መሰማቱ ነው።

የምትመዘገቢው በብሪቲሽ ካውንስል በኩል ነው። ስምሽ ፓስፖርትሽ ላይ በተጻፈበት ስፔሊንግ ይሁን። ለትምህርት የሚሆነው «አካዳሚክ» የሚባለው ነው፤ «ጀነራል» የሚባለው በአብዛኛው ለሥራና ለኑሮ ነው። ውጤቱ የሚያገለግለው ለ2 ዓመት ስለሆነ ያለ ጊዜው አትፈተኚ። ከመክፈልሽ በፊት ግን ዩኒቨርሲቲውን አንድ ነገር ጠይቂ፤ «በእንግሊዝኛ ነው የተማርኩት» የሚል ደብዳቤ ከኮሌጅሽ ብታመጪ የሚቀበሉ አሉ። ቤት ተቀምጠው በኮምፒዩተር የሚፈተኑት ዱኦሊንጎም ለአንዳንድ ዩኒቨርሲቲ ይሆናል፤ እንግሊዝ ግን ለቪዛ ከሚያስፈልጉ ፈተናዎች ውስጥ አታስገባውም።

ለሌሎቻችሁም አንድ ቃል፦ «ለዲቪ ያስፈልጋል» ተብላችሁ ለቶፍል ኮርስ ገንዘብ እንዳታወጡ። ዲቪ የጠየቀው የ12ኛ ክፍል ትምህርት ወይም የ2 ዓመት የሥራ ልምድ እንጂ የእንግሊዝኛ ፈተና አልነበረም።

እህቴ፣ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። ዕቁቡን ለፈተናው ክፍያ አድርጊው፤ ሁለት ሦስት ወር አጥኚ። ያኔ ወረቀቱም የራስሽ፣ እንግሊዝኛውም የራስሽ ይሆናል።