እሑድ አመሻሽ ላይ ሆድ ሲባባ

እሑድ 11 ሰዓት አለፍ ሲል ብዙ ሰው ሆዱ ይባባል። ቡናው በረካ ላይ ደርሷል፣ ልጆቹ የቤት ሥራቸው ትዝ ያላቸው ገና አሁን ነው፣ ዩኒፎርሙ አልደረቀም። የታመመ የለም፣ የተጣላም የለም፤ ቤቱ ግን ይከብዳል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። የቡዳፔስቱ ሐኪም ሳንዶር ፈረንትሲ እ.ኤ.አ. በ1919 እሑድ ሲመጣ ራስ ምታትና የሆድ ሕመም ስለሚነሣባቸው ታካሚዎች ጽፎ ነበር። የቪየናው ቪክቶር ፍራንክልም ስሜቱን ከባዶነት ጋር አያይዞታል፤ የሳምንቱ ሩጫ ጋብ ሲል ሰው ኑሮው ትርጉም ያጣ ሆኖ ይታየዋል ባይ ነው።

የአዲስ አበባ ደመወዝተኛ እሑድ ግን ባዶ አይደለም። ዕድር አለ፣ ለቅሶ አለ፣ ሠርግ አለ። በሴቶች ላይ ደግሞ ይብሳል፦ ለሳምንት የሚበቃ ወጥ ይሠራል፣ እንጀራ ይጋገራል፣ ልብስ ይታጠባል። እሑድ ማታ የምትተክዝ እናት ዕረፍቷ አልቆባት ላይሆን ይችላል፤ ጭራሽ ሳይጀመር ሰኞ ደርሶባት እንጂ። እሷን «ዘና በይ» ማለት ምን ይፈይዳል? ይልቅ «ሥራውን ተጋሯት» የሚለው ምክር የሚገባው ልብስ ማጠብ ለማያቅተው ባልና ለደረሱት ልጆች ነው።

ጥፋቱም የእሑድ አይደለም። የእስራኤል የሥራ ሳምንት እሑድ ስለሚጀምር በዚያ ያሉ ኢትዮጵያውያን ይህን ሰዓት የሚያገኙት ቅዳሜ ማታ ነው። የሚከብደው ከፊት ያለው የሥራ ቀን፣ በተለይም ዓርብ ተንጠልጥሎ የቀረው ጉዳይ ነው።

በአሜሪካ የቤይለር ዩኒቨርሲቲው ማይክል ስከሊንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጡት ጥናት እዚህ ላይ ይጠቅማል። 57 ወጣቶችን በቤተ ሙከራ አሳደሩ። ግማሾቹ ከመተኛታቸው በፊት ለ5 ደቂቃ በቀጣዮቹ ቀናት የሚሠሩትን፣ ሌሎቹ ያጠናቀቁትን ጻፉ። ወደፊት የሚሠሩትን የጻፉት በአማካይ 9 ደቂቃ ያህል ቀድመው እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ ነገሩን ይበልጥ ዘርዝረው የጻፉት ደግሞ ይበልጥ ፈጠኑ። ይህን ዝርዝር እሑድ ማታ ከመጻፍ ዓርብ ከቢሮ ሳይወጡ መጻፍ ይሻላል፤ ቅዳሜና እሑድም አብረው ይተርፋሉ።

እንቅልፍም የራሱ ድርሻ አለው። በሥራ ቀን 12 ሰዓት የሚነሣ ሰው እሑድ እስከ 4 ሰዓት ከተኛ፣ የሰውነቱ ሰዓት ወደ ኋላ ይቀርና ሌሊቱን ሲገላበጥ ያድራል። የሙኒኩ ተመራማሪ ቲል ሮነበርግ በሥራና በዕረፍት ቀናት መካከል ያለውን ይህን መዛነፍ ዓመታት ወስዶ አጥንቶታል። እሑድ ጠዋት አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ዘግይቶ መነሣት ለሰኞ ይበጃል።

ሐዘኑ ማክሰኞም ረቡዕም ካልለቀቀ፣ ሁለት ሳምንት ሞልቶት እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ከነሣ ግን ነገሩ የእሑድ ማታ ጉዳይ አይደለም። አማኑኤል ሆስፒታል መታየትን እንደ ነውር የሚቆጥሩ ብዙዎች ሕክምናውን ሲያዘገዩ ይጎዳሉ። በአቅራቢያ ካለ ጤና ጣቢያ ባለሙያ በማነጋገር መጀመር ይቻላል።