ክር የተጠመጠመበት ቀለበት

ባለፈው ዓመት አንድ እሑድ አማቴ ቡና ሲቀዱ፣ የጋብቻ ቀለበታቸው ላይ ነጭ ክር ተጠምጥሞ አየሁ። «እማማ፣ ክሩ ምንድን ነው?» አልኳቸው። «እየወለቀ አስቸገረኝ። እርጅና አይደል ልጄ፤ ሥጋም ይሄዳል» አሉና ሲኒዬን አቀበሉኝ።

እኔም አመንኳቸው። ልጅ ሲከሳ ሐኪም ቤት እንሮጣለን፤ አዛውንት ሲከሱ ግን «ዕድሜ ነው» ብለን እናልፋለን። የክሩ ነገር ግን ከንክኖኝ በማግስቱ ሚዛን ላይ አቆምኳቸው። ከስድስት ወር በፊት በሕክምና ካርዳቸው ላይ የተጻፈው 58 ኪሎ ነበር፤ አሁን 53 ሆነው አገኘኋቸው።

የመረመሯቸው ሐኪም «ይህ የእርጅና አይደለም» አሉን። አንድ ሰው ሳያስበው በስድስት ወር ውስጥ ከክብደቱ ከመቶ አምስት እጅ በላይ ከቀነሰ ምክንያቱ መፈለግ አለበት። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ሦስት ኪሎ መሆኑ ነው። ከጀርባው ስኳር፣ የታይሮይድ ሕመም፣ ቲቢ፣ ድብርት፣ የመርሳት ችግር ወይም የምግብ ፍላጎት የሚዘጋ መድኃኒት ሊኖር ይችላል። የእማማ ምርመራ ግን ደህና ሆነ። ችግሩ እዚሁ ቤታችን ውስጥ ነበር።

ሠራተኛችንን ስጠይቃት «ምሳ ሳቀርብላቸው ቆይ በኋላ ይላሉ፤ በኋላ ስጠይቃቸው በልቻለሁ ይሉኛል» አለችኝ። እኔና ባለቤቴ ሥራ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ነን። እማማ መንጋጋ ጥርሶቻቸው ከወለቁ ወዲህ ጥብስና ጎመን ማኘክ አቅቷቸዋል፤ ይህን ለምራታቸው መናገር ደግሞ አፍረዋል። ስለዚህ በቡናና በቁራሽ ዳቦ ይውላሉ። ማታ ስንሰበሰብ የሚያነሱትን ጉርሻ ለልጆቹ ያጎርሳሉ። ሁላችንም ሌላው ያበላቸው እየመሰለን ኖረናል።

«ለሽማግሌ ትንሽ ይበቃዋል» የሚለው አባባል ያሳስተናል። እውነት ነው፣ በዕድሜ የምግብ ፍላጎት ይቀንሳል። ጡንቻ ግን እየሳሳ ስለሚሄድ ሰውነት የሚጠግን ምግብ፣ ማለትም ፕሮቲን፣ እንዲያውም የበለጠ ያስፈልጋል። ለአንድ ኪሎ ክብደት በቀን ቢያንስ አንድ ግራም ይመከራል፤ የኩላሊት ሕመም ያለባቸው ግን መጠኑን ሐኪማቸውን ይጠይቁ። አንድ እንቁላል ስድስት ግራም ገደማ፣ አንድ ትልቅ ብርጭቆ ወተት ስምንት ግራም ገደማ አለው። ጡንቻ ሲከዳ አዛውንት ይወድቃሉ፤ አጥንት ይሰበራል፤ ቁስል ቶሎ አይድንም።

እኛ ቤት የተለወጠው ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። በመጀመሪያ የጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄድን። ሦስቱን ትልልቅ ማዕድ በአምስት ትንንሽ ተካነው፦ ጠዋት በወተት የተሠራ የአጃ አጥሚትና እንቁላል፣ ረፋድ ላይ እርጎ፣ ለምሳ ምንቸት አብሽ ወይም ወፈር ያለ ሽሮ በለስላሳ እንጀራ፣ ከሰዓት አቮካዶ፣ ማታ ቅንጬ በወተት። በጾም ደግሞ ምስር፣ ፉል፣ የሱፍ ፍትፍትና የኦቾሎኒ ቅቤ እናበዛለን፤ ዘይቱንም አንሰስትም። ጾሙን ስለማቅለል እኔ ብነግራቸው አይሰሙኝም ነበር፤ ጉዳዩን ለንስሐ አባታቸው አማከርን፣ እሳቸውን ሰሙ።

ቡና አልከለከልኩም፤ ማን ይደፍራል! ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል እንዲዘገይ ብቻ ተስማማን፤ ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ሲወሰዱ ሰውነት ብረት የተባለውን ንጥረ ነገር በደንብ እንዳያገኝ ያደርጋሉና። በዕድሜ የጥም ስሜት ስለሚቀንስ ውሃም ሳይጠይቁ እናቀርብላቸዋለን።

ከሁሉም በላይ የጠቀመው ግን አብሮ መቀመጥ ነው። አሁን ሠራተኛችን ምሳዋን ከእማማ ጋር በአንድ ትሪ ትበላለች። ቅዳሜ ጎረቤታችን እናት ይመጣሉ። ሁለቱ ወሬ ሲይዙ ሳህኑ መቼ ባዶ እንደሆነ አያውቁትም።

ከአራት ወር በኋላ ሚዛኑ 56 ደረሰ። ክሩ አሁንም ቀለበቱ ላይ አለ፤ ግን ሁለት ዙር ያህል ፈተውለታል።

እናንተም በዚህ ሳምንት የአባታችሁን ቀበቶ ስንተኛው ቀዳዳ ላይ እንደታሰረ፣ የእናታችሁ ቀሚስ ትከሻቸው ላይ ሰፍቶ እንደሆነ ልብ በሉ። ሚዛን ካላችሁ በየወሩ መዝኗቸውና ጻፉት። «በልታችኋል?» የሚል ጥያቄ በስልክ ስትጠይቁ መልሱ ሁልጊዜ «አዎ፣ ተመስገን» ነው። ስለዚህ ሄዳችሁ አብራችኋቸው ብሉ።