ያለ ክትትል «ይቆይ» ማለት፦ ስለ ተቀበሩ የጥበብ ጥርሶች ሕክምና የቀረበ አስተያየት

ያልታመመ የጥበብ ጥርስ ይነቀል ወይስ ይቆይ የሚለው ጥያቄ የጥርስ ሐኪሞችን ለብዙ ዓመታት ሲያከራክር ኖሯል። በአገራችን ጥያቄው አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ጉንጭ ካበጠና አፍ አልከፈት ካለ በኋላ ስለ ሆነ ክርክሩ ከመጀመሩ በፊት መልሱ በሕመሙ ይወሰናል። የዚህ ጽሑፍ አቋም የሚከተለው ነው። «ካልታመመ ይቆይ» የሚለው ከውጭ የተቀዳ መመሪያ መደበኛ ምርመራ ባለበት ሥርዓት ውስጥ የተጻፈ ነው። ክትትሉን ትተን መመሪያውን ብቻ ብንወስድ «ይቆይ» የሚለው ቃል ቸልታን የሚሸፍን ሳይንሳዊ ስም ከመሆን አያልፍም። መፍትሔው ግን የሁሉንም ሰው ጥርስ መንቀል ሳይሆን ክትትሉን መፍጠር ነው፤ ለዚህም ከዩኒቨርሲቲዎች የተሻለ መነሻ የለንም።

የጥበብ ጥርስ የሚባለው ሦስተኛው መንጋጋ ጥርስ ሲሆን ብዙውን ጊዜ ከ17 እስከ 25 ዓመት ባለው ዕድሜ ይወጣል። ከጥርሶች ሁሉ ዘግይቶ የሚመጣ በመሆኑ መንጋጭላው በቂ ስፍራ ካልተረፈው ከድድ ወይም ከአጥንት ሥር ታፍኖ ይቀራል፤ አለዚያም ወደ ጎረቤቱ ጥርስ አዘንብሎ በከፊል ብቻ ብቅ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ፣ ከብዙ አገሮች የተገኙ ጥናቶችን ያጠቃለለ ትንተና የክስተቱን መጠን 24.4 በመቶ አድርሶታል። ይህም ከአራት ሰዎች አንዱ ገደማ ማለት ነው። ነገሩ የተፈጥሮ ስሕተት አይደለም። ከ3 ሚሊዮን ዓመታት በላይ ያስቆጠረችውና እ.ኤ.አ. በ1974 በሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ የጥበብ ጥርሶቿ ወጥተው፣ ማኘክ ጀምረውና በጥቂቱም ተፍቀው ይታያሉ። የዛሬው ሰው መንጋጭላ ያጠረበትን ምክንያት ተመራማሪዎች ከዘር ውርስ በተጨማሪ እርሻና የበሰለ ለስላሳ ምግብ ካስከተሉት የማኘክ ጫና መቀነስ ጋር ያያይዙታል።

ሙሉ በሙሉ በአጥንት ውስጥ የተቀበረ ጥርስ ዕድሜ ልክ ዝም ብሎ ሊኖር ይችላል። ይበልጥ የሚያስቸግረው በከፊል የወጣው ነው። በላዩ በቀረው የድድ ክዳን ሥር የምግብ ፍርፋሪና ተሕዋስያን ይከማቻሉ፤ ድዱ ይቆጣል፣ መዋጥ ያማል፣ አፍ መክፈት ያስቸግራል። አዘንብሎ የተጋደመው ጥርስ በሚነካው የሁለተኛው መንጋጋ ጥርስ ጀርባ ላይም ብሩሽም ሆነ መፋቂያ የማይደርስበት ጉድጓድ ይፈጠራል። እንዲህ ሲሆን ለማኘክ ዋና የሆነው ጤነኛ ጥርስ በማይጠቅመው ጎረቤቱ ምክንያት ይበላሻል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ከታችኛው ጥርስ የተነሣ መግል ወደ ምላስ ሥርና ወደ አንገት ሲሰራጭ ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ሉድቪግ እ.ኤ.አ. በ1836 የገለጸውና እስከ ዛሬ በስሙ የሚጠራው ይህ ሕመም ምላስን ወደ ላይ ገፍቶ የአየር ቧንቧን ሊዘጋ ይችላል። ሰው በጥርስ ሕመም ይሞታልን ለሚል ጠያቂ መልሱ አዎን፣ ይሞታል የሚል ነው።

በዚህ ጉዳይ የእንግሊዝ ልምድ አስተማሪ ነው። የዚያ አገር የሕክምና ልህቀት ተቋም (ናይስ) እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣው መመሪያ በሽታ የሌለበትን የተቀበረ የጥበብ ጥርስ በልማድ መንቀል እንዲቆም ወሰነ። አንድ ጊዜ ብቻ የደረሰና ያልጠና የድድ ክዳን መቆጣት እንኳ ለመንቀል በቂ ምክንያት አይደለም፤ ሲደጋገም ግን ምክንያት ይሆናል። ውሳኔው ብዙዎችን ከማያስፈልግ ቀዶ ሕክምና አድኗል። ሆኖም ከአሥር ዓመት በኋላ የተደረገ ግምገማ ጥርሱን የሚያስነቅሉ ሰዎች አማካይ ዕድሜ ከ25 ወደ 32 ዓመት ማደጉን፣ በጥርስ መበስበስ ምክንያት የሚነቀሉትም መብዛታቸውን አሳይቷል። ይህም ከበሽተኞቹ ከፊሉ ከቀዶ ሕክምናው አልዳኑም፤ ጊዜው ብቻ ተላለፈላቸው የሚል ጥርጣሬ አስነሥቷል። እ.ኤ.አ. በ2020 የታደሰው የኮክሬን የማስረጃ ግምገማም ያልታመመን ጥርስ ለመንቀልም ሆነ ለማቆየት በቂ ማስረጃ እንደሌለ ከገለጸ በኋላ፣ እንዲቆይ ከተወሰነ በየጊዜው መመርመሩ የሚመከር መሆኑን አክሏል። እኛ ዘንድ ተዘንግቶ የሚቀረው ይህ የመጨረሻው ሐረግ ነው።

ከሐኪም ቤት መራቅ ብቻውን ችግሩን እንደማይገልጽ ለማየት አዲስ አበባን መመልከት ይበቃል። የጠመንጃ ያዥ ነዋሪ የሆነ አንድ የ20 ዓመት ወጣት እናስብ። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሚገኘው እዚያው አዲስ አበባ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ይህ ወጣት የአገሪቱ ከፍተኛ ሐኪሞች ከሚሠሩበት ስፍራ ሩቅ አይደለም። ቢሆንም ጥርሱ እስካልታመመ ድረስ ወደ ሐኪም የሚጠራው ምልክትም ሰውም የለም። ሲያመው በጨው ውኃ ይጉመጠመጣል፣ ቅርንፉድ ይይዛል፣ ከመድኃኒት ቤት አሞክሲሲሊን ገዝቶ ይውጣል። እብጠቱ ይጎድላል፤ መንሥኤው ግን በስፍራው ይቀራል። በልደታ በተካሄደው መልሶ ማልማት ብዙ ቤተሰቦች ወደ ከተማዋ ዳርቻ እንደተዛወሩት ሁሉ እርሱም ቢዛወር፣ በአንድ ጤና ጣቢያ የተከፈተለት ካርድ አብሮት አይሄድም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል፤ እዚህ ግን የሚደብቀው በሽተኛው ሳይሆን ጥርሱ ራሱ ነው። በሆስፒታል ደጃፍ የሚኖረው እንዲህ ከሆነ፣ ሪፈር ተጽፎለት ከገጠር ወረዳ የሚመጣው በምን ሁኔታ እንደሚደርስ መገመት አያዳግትም።

እንግዲያውስ ሁሉም በ20 ዓመቱ ለምን አይነቀልም? ይህ ሐሳብ መሠረት የለውም አይባልም። በወጣትነት አጥንቱ ለስላሳ፣ የጥርሱም ሥር ገና ያልተጠናቀቀ በመሆኑ ቀዶ ሕክምናው ይቀልላል፤ ቁስሉም ፈጥኖ ይድናል። ነገር ግን የታችኛው ጥርስ ሥር ለከንፈርና ለአገጭ ስሜት ከሚሰጠው ነርቭ አጠገብ ነው። ዘላቂ የስሜት ማጣት የሚደርስባቸው ከመቶ አንድ እንኳ ባይሞሉም፣ ሥራው በሚሊዮኖች ላይ ቢፈጸም ጉዳቱ የደረሰባቸው ሰዎች ቍጥር ብዙ ይሆናል። በዚያ ላይ ያልታመመን ጥርስ ለጥንቃቄ መንቀል ለእኛ ባዕድ ሐሳብ አይደለም። ተቅማጥና ትኩሳት ያመጣል ተብሎ የሕፃናት ግግ ሲወጣ፣ ከድዳቸው ሥር ያለው የክራንቻ ጥርስ ሲቆፈር ኖሯል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶችን ለብቻ በምዕራፍ ያስቀመጠው እንዲህ ካሉ ልማዶች ልጆችን ለመጠበቅ ጭምር ነው። በማደንዘዣና በንጹሕ መሣሪያ የሚሠራው ሕክምና ከዚያ ልማድ ጋር በአንድ ሚዛን አይቀመጥም። ሆኖም የልማዱ ታሪክ አንድ ነገር ያስተምራል፦ ጥርስ ለመንቀል ፍርሃት ማስረጃ አይሆንም።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ሦስት ክፍል አለው። አንደኛ፣ ዩኒቨርሲቲዎች በተማሪዎች ክሊኒክ በመግቢያና በመመረቂያ ዓመት የአፍ ምርመራ ያድርጉ። የጥበብ ጥርስ የሚወጣበት ዕድሜ ተማሪው በግቢ ውስጥ የሚኖርበት ዕድሜ ነው። ለመጀመሪያው ምርመራ መብራት፣ መስተዋትና የሠለጠነ ዐይን ይበቃሉ። መላ መንጋጭላውን የሚያሳየው ፓኖራሚክ ራጅ ምልክት ለታየባቸው ብቻ ይታዘዝ፤ ለሁሉም ማዘዝ ወጪንና ጨረርን ያለ ጥቅም ማብዛት ነው። ሁለተኛ፣ ውጤቱ በሁሉም ዩኒቨርሲቲ በአንድ ዓይነት ቅጽ ይመዝገብ። የጥርሱን ዝንባሌ ለመግለጽ የዊንተር፣ ጥልቀቱንና ስፍራውን ለመግለጽ ደግሞ የፔልና ግሪጎሪ አመዳደብ ዛሬም ያገለግላሉ። የመዝገቡም ቅጂ ለተማሪው ይሰጠው። ሦስተኛ፣ መዝገቡ ለድኅረ ምረቃ ተመራማሪዎች የረጅም ጊዜ ጥናት መሠረት ይሁን። ዝም ብለው ከነበሩት ጥርሶች ስንቱ በአምስት ዓመት ውስጥ እንደታመመ፣ የትኛውስ ዝንባሌ ጎረቤቱን እንዳበላሸ በራሳችን ወጣቶች ላይ ካልተጠና የሌላውን አገር መመሪያ ከመገልበጥ አንወጣም።

የእናቶች ሞትና የሳንባ ነቀርሳ ገና ባልተቃለሉበት አገር ስለ ጥርስ ማውራት ቅንጦት ነው የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ተቃውሞው ስለ ቅደም ተከተል የሚለው እውነት አለው። ነገር ግን እዚህ የተጠየቀው አዲስ ሆስፒታል አይደለም፤ በአንድ ግቢ በተሰበሰቡ ወጣቶች ላይ የሚደረግ አጭር ምርመራና አንድ ገጽ መዝገብ ነው። አንገቱ አብጦ መተንፈስ ያቃተውን አንድ ሰው ለማዳን ግን የቀዶ ሕክምና ክፍል፣ የማደንዘዣ ባለሙያና የጽኑ ሕሙማን አልጋ ያስፈልጋሉ። እነዚህም ያ ተቃውሞ ለሌሎች በሽተኞች እንዲቆጠቡ የሚፈልጋቸው ነገሮች ናቸው። ሐኪም ለወጣቱ «ይቆይ» ሲለው ተመልሶ የሚታይበትን ቀን አብሮ ሊጽፍለት፣ ያን ቀን የሚያስታውስ መዝገብም ሊኖር ይገባል።