ከካሜራው በፊት ማቆሚያው

በቤታቸው አንዲት ክፍል ለይተው ፎቶግራፍ ማንሳት የሚጀምሩ ወጣቶች ያጠራቀሙትን ገንዘብ በአብዛኛው የሚያውሉት ለካሜራ ነው። ምስሉ አልጥም ሲላቸውም ከፊተኛው የሚወደድ ሌላ ካሜራ ይመኛሉ። በዚህ ጸሐፊ እምነት ግን ሁለተኛ ካሜራ ከመግዛት አስቀድሞ ፍላሹን ከካሜራው አናት አውርዶ በተገቢው ስፍራ አጽንቶ ማቆም ይገባል። ይህንን ለማድረግ የሚያስፈልገው እውቀት ደግሞ በትምህርት ቤት ፊዚክስ ውስጥ ይገኛል።

ካሜራው ላይ የተሰካ ፍላሽ ብርሃኑን የሚልከው ከሌንሱ አጠገብ ስለሆነ ፊት ጠፍጣፋ መስሎ ይታያል። ወደ ጎን 45 ዲግሪ ያህል ተወስዶ ከዓይን ከፍታ በላይ ሲቆም ግን ጥላው የአፍንጫንና የጉንጭን ቅርፅ ያወጣል። ከፊቱ ነጭ ጃንጥላ ወይም የተወጠረ አቡጀዲ ሲደረግም የብርሃኑ ምንጭ ስለሚሰፋ የጥላው ጠርዝ ይለሰልሳል።

ርቀትም የራሱ ሕግ አለው። ከአንድ ትንሽ ምንጭ የሚወጣ ብርሃን ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ጥንካሬው ወደ ሩብ ይወርዳል። ፍላሹ ከተነሺው 1 ሜትር፣ ከኋላው ካለው ግድግዳ ደግሞ 2 ሜትር ቢርቅ ግድግዳው የሚያገኘው ፊቱ ካገኘው ብርሃን ሩቡን ነው፤ ስለዚህ ጨለም ይላል። ፍላሹን ወደ 3 ሜትር ብናርቀው ግድግዳው በ4 ሜትር ላይ ስለሚሆን የሚደርሰው ብርሃን ፊቱ ከሚያገኘው ከግማሽ ይበልጣል። ግድግዳው ቀለም ሳይቀባ መልኩ ተለወጠ ማለት ነው።

ማቆሚያውስ? 1 ኪሎ ግራም የሚመዝን፣ ሦስት እግሮቹ ከዘንጉ 40 ሴንቲ ሜትር የሚዘረጉ ማቆሚያ እናስብ። 1 ኪሎ ግራም የሚመዝን ፍላሽና ጃንጥላ ከዘንጉ 60 ሴንቲ ሜትር ወጥቶ ቢንጠለጠል፣ የክንዱን ክብደት ትተን፣ የጠቅላላው የክብደት ማዕከል ከዘንጉ 30 ሴንቲ ሜትር ይወጣል። ሸክሙ በአንደኛው እግር አቅጣጫ ከሆነ ማቆሚያው ይጸናል። በሁለት እግሮች መካከል ከሆነ ግን የእግሮቹን ጫፎች የሚያገናኘው መስመር ከዘንጉ የሚርቀው 20 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ ይገለበጣል። 4 ኪሎ ግራም አሸዋ የያዘ ከረጢት ከዘንጉ ሥር ቢታሰር ማዕከሉ ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ይመለሳል፤ ሸክሙ በየትኛውም አቅጣጫ ቢዞር አይወድቅም። ከፍላሹ ሥር የሚቀመጠው ሕፃን ሊሆን ስለሚችል ይህ ስሌት እንደ ትርፍ ጥንቃቄ ሊታይ አይገባም። የወደቀን ፍላሽ ከፍቶ ለመጠገን መሞከርም አደገኛ ነው፤ በውስጡ ያለው ካፓሲተር ባትሪው ከወጣ በኋላም ወደ 300 ቮልት የሚጠጋ ኃይል ይዞ ሊቆይ ይችላል።

በሠርግና በዜና ቦታ የሚሯሯጥ ባለሙያ ማቆሚያ ተሸክሞ መዞር አይችልም የሚሉ አሉ፤ እውነት ነው። በቤት ስቱዲዮ ግን ተነሺው በስፍራው ይቀመጣል፤ ጊዜም አለ።

ይህ ጸሐፊ የትምህርት ቤት የሳይንስ ክበባትን የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ አንድ ፍላሽ፣ አንድ ማቆሚያ፣ አንድ ሜትር መለኪያና አንድ ከረጢት አሸዋ ይዘው ከላይ የቀረቡትን ቁጥሮች ራሳቸው ይፈትኑ። ለፈተና ብቻ የተሸመደደ ቀመር ፈተናው ሲያልፍ ይረሳል፤ ሥራ ላይ የዋለ ቀመር ግን እንጀራ ሊያበላ ይችላል።